ያልተወረወረው አማች

ቶኩጂ ያን ቀን ጠዋት ሩዙን እንኳ በቅጡ አልበላም። ሁለት ጊዜ ጎረስ አደረገና ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ አካፋውን አንስቶ ወጣ። ሚስቱ ፉሳኤ ከኋላው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ? የሚወረወረው እኮ ሴይኬን ነው» ብትለው ዞር ብሎ አላያትም። እግሩ መሬት አልረግጥ ብሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦኩናራ መንደር ልጅ የሌላ አገር ሰው ያገባች እንደሆነ፣ ባገባች በመጀመሪያው የበረዶ ወራት ባሏን ይዛ ትመጣለች። የመንደሩ ወንዶች እጅና እግሩን ይዘው ከቤተ መቅደሱ አፋፍ ላይ ቁልቁል ወደ በረዶው ይወረውሩታል። ታች ሙሽሪት ትጠብቃለች፤ ከበረዶው ጎትታ ታወጣዋለች። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው የመንደሩ አማች ነው፤ እስኪሞት ድረስ እንግዳ የሚለው የለም። መነሻው ቅናት ነው ይባላል፤ ባዕድ መጥቶ ቆንጆአቸውን ሲወስድባቸው ጎረምሶቹ ንዴታቸውን የተወጡበት። ዛሬ ንዴቱም የለ፣ ጎረምሶቹም ከተማ ገብተው ቀርተዋል። ውርወራው ግን አለ፤ አሁንማ ጭራሽ ብሶበታል።

ቶኩጂ ራሱ አማች ነው። ገና በወጣትነቱ ከባሕሩ ዳር መጥቶ፣ የፉሳኤን ቤት ስም ወስዶ፣ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ግን አልተወረወረም። ባገቡበት ዓመት የፉሳኤ አያት አረፉና ቤቱ ሐዘን ላይ ሆነ፤ ሐዘን ላይ ላለ ቤት ደግሞ ሙሽራ አይወረወርም። በዓመቱ «እንግዲህ አዲስ ሙሽራ አይደለም» ተባለ። በቃ፣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የስንቱን ልጅ ባል በገዛ እጁ ወርውሯል። ታዲያ ማታ የሩዝ መጠጡ ሳኬ ሲቀዳ አንዱ ተነስቶ «እስቲ ለእንግዳችን ጨምሩለት» ሳይል አይቀርም። እሱም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ሆድ ይብሰዋል፤ ለማን ይናገራል? አሁን አንዲት ልጁ ሚኖሪ ከሩቁ የደቡብ ደሴት ባል አምጥታለች። ቶኩጂ ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ አማቹ እንደሱ ሳይወረወር እንዳይቀር።

ለዚህ ነው በጠዋት ከአፋፉ ሥር ወርዶ በረዶውን ሲያገላብጥ ያረፈደው። ሌሊት የወደቀ በረዶ ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ሥሩ ድንጋይ ነው። በአካፋ ቆርጦ፣ ሰባብሮ፣ አፍሶ፣ እንደ ዱቄት እስኪቦን ማላላት ያስፈልጋል። ቶኩጂ አላላው፣ ገብቶበት እስከ ብብቱ ሰጠመ፣ ወጣ፣ እንደገና አላላው። ላቡ ጠብ ሲል ለብቻው ይስቅ ነበር።

ሙሽራው ሴይኬን የሸንኮራ አገዳ ገበሬ ነው፤ በደሴቱ ትግል ደግሞ ስም ያለው። በዋዜማው ባለ አንድ ፉርጎዋ ባቡር መጥታ ስትቆም፣ ያ ግዙፍ ሰው በበሩ በጎኑ ሾልኮ ወጥቶ፣ ሁለት ፎቅ የሚያህለውን የበረዶ ግድግዳ አየና አፉን ከፍቶ ቀረ። በዕድሜው በረዶ አይቶ አያውቅም። እፍኝ ዘግኖ ቀመሰ። «አባባ፣ ምንም ጣዕም የለውም እኮ» አለ ለቶኩጂ፣ እንደተታለለ ሰው።

«ነገ በአፍንጫህም ትቀምሰዋለህ፤ ያኔ ይጣፍጥሃል» አለው ቶኩጂ።

ሚኖሪ ሳቀች። «አባዬ፣ እንዳታስፈራራው። ከአፋፍ ትወረወራለህ ስለው ከአንድ ሳምንት ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።»

«በፍርሃት?»

«ምን በፍርሃት፣ በጉጉት እንጂ። እንደ ልጅ ሆኖልሃል።»

ቶኩጂ ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

እኩለ ቀን ላይ የሦስት መንደር ሕዝብ ከአፋፉ ሥር ግጥም አለ። ፉሳኤና ሴቶቹ በትልልቅ ድስት የአሳማ ሾርባ እየጨለፉ ያድላሉ፤ የገለባው ደመራ ጢሱን ይተፋል፤ ካሜራ ያነገቱ ሰዎች በረዶ ውስጥ እየሰመጡ ይሳደባሉ። ቶኩጂ ከሚኖሪ ጎን ታች ቆሟል። የልጅቱ አባት ሙሽራውን በእጁ አይነካም፤ ደንቡ ነው። ላይ ሴይኬን የገለባ ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ ሕዝቡ አየውና «ኧረ ይሄ ሰው ነው ጎተራ?» አለ።

ወርዋሪዎቹ አምስት ናቸው። ከነሱ መሐል «ልጁ» የሚባለው ስልሳ ዓመት አልፎታል። የመንደሩ ሹም ጋሼ ካንሱኬ «በሉ» ሲሏቸው፣ ሁለቱ እጁን፣ ሁለቱ እግሩን፣ አንዱ ወገቡን ያዙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ብድግ ሲያደርጉት፣ ወደ ላይ የወጣው ሴይኬን ሳይሆን ወደ ታች የገቡት እነሱ ሆኑ። እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሴይኬን ተነስቶ አንድ በአንድ እየጎተተ አወጣቸው፤ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ተሸካሚ አስፈለጋቸው።

ሁለተኛ ሞከሩ። አሁን ትንሽ ከፍ አለ፤ አንድ ጊዜ ተወዛወዘ። ከዚያ «ልጁ» የተባለው «ወገቤን» አለና ተቀመጠ። ሌሎቹም ሙሽራውን ቀስ አድርገው እንደ እንቁላል መሬት ላይ አኖሩት። አሁን የሳቀ የለም።

ጋሼ ካንሱኬ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ አቅም ነው፤ ምን ይደረጋል። ምንጣፍ አምጡና ተቀምጦበት ይንሸራተት። የመጣው ሰውም ያው ነው የሚያየው።»

ቶኩጂ ይህን ሲሰማ ቁልቁለቱን በአራት እግሩ እየቧጠጠ ወጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ምን ያለው ምንጣፍ ነው? ልጄን የዳረኳት ለሸርተቴ ነው?»

«አባባ፣ እኔ ራሴ ልዝለል» አለ ሴይኬን አፍሮ። «በሩጫ መጥቼ እዘላለሁ፤ ከዚህም እርቃለሁ።»

«አይሆንም፣ ልጄ። ራስህ ከዘለልክ ዘለለ ነው የሚባለው። ሰው እጁን ሊያነሳብህ ይገባል።»

«ኧረ ቶኩጂ» አሉ ጋሼ ካንሱኬ፣ ለመሳቅ እየሞከሩ። «አንተም እኮ አልተወረወርክም። ሞትክ?»

ሕዝቡ ቶኩጂ እንደ ልማዱ አብሮ የሚስቅ መስሎት ጠበቀ። አልሳቀም።

«አልሞትኩም» አለ። «ግን በየዓመቱ በዚች ቀን እዚህ የምቆመው አፍሬ ነው፣ ጋሼ ካንሱኬ። ጣራችሁን ጠርጌያለሁ፣ ሙታናችሁን ተሸክሜያለሁ፣ ሳኬ ሲቀዳ ግን እንግዳ ነኝ። ስቃችሁብኝ ስቄያለሁ። ይሄ ልጅ ግን እንደኔ እንዲስቅ አልፈልግም።»

ፉሳኤ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቤት ኖረው፣ አንድ ማዕድ በልተው፣ ይህን ነገር ከአፉ ሰምታው አታውቅም። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ጣለችው። ሽርጧን ፈታች። ያን አቀበት እንዴት እንደወጣችው ያየ የለም፤ ከላይ ስትደርስ ግን ሌሎቹም ሴቶች ከኋላዋ ነበሩ፤ አንዳቸውም «ምን ልናደርግ ነው?» ብላ አልጠየቀችም።

«ዞር በሉ» አለች ወንዶቹን።

«ፉሳኤ፣ ኧረ በሕግ አምላክ» አሉ ጋሼ ካንሱኬ። «ሴት ወርውራ አታውቅም። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

«ይለቅ እንግዲህ፣ ማን ከለከላችሁ? ሁለት ጊዜ ስትጨርሱት አየን አይደል?» ሕዝቡ አወካ። «ባሎቻችን ከተማ ሥራ ሲሄዱ የዚህን መንደር ጣራ በረዶ ማን ነው ሲያወርድ የኖረው? በቀን ስንት ሴይኬን እንደምንወረውር በቆጠራችሁልን።»

ጋሼ ካንሱኬ ወደ ጎን ዞር ብለው መንገዱን ለቀቁ።

ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ እጅና እግር አልያዙም። ለጣራ በረዶ እንደሚቆሙት በሁለት መስመር ትይዩ ቆሙ፤ እንዳይሰምጡ የበረዶውን ወለል በጫማቸው ደበደቡት፤ ሙሽራውን በጀርባው አስተኝተው እጅ ለእጅ ከሥሩ ተቆላለፉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል። ያ ጎተራ የሚያህል ሰው ብድግ አለ። ፉሳኤ «አንድ» ስትል ተወዛወዘ፣ «ሁለት» ስትል ሰማዩን አየ፣ «ሦስት» ስትል ሄደ።

እንዴት አድርጎ ሄደ። እጅና እግሩን ዘርግቶ፣ እየጮኸ ይሁን እየሳቀ ሳይለይ፣ ቶኩጂ ባላላው በረዶ መሐል ገብቶ ጠፋ። ነጭ ብናኝ ሽቅብ ተነሳ። ከዚያ ሁለት የገለባ ጫማዎች ብቅ ብለው መራገጥ ጀመሩ። ሚኖሪ እየሮጠች ሄዳ አንዱን እግር ይዛ ጎተተች፤ ጎትታ ጎትታ ወደ ኋላዋ ወደቀች፤ ሙሽራው ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ተነሳና አፍሶ አቀፋት። ሰው እንደ ደንቡ ከደመራው አመድ እየዘገነ፣ በበረዶ እያራሰ፣ «እንኳን ደስ አለህ፣ አማቻችን» እያለ ፊቱን ጥቀርሻ ቀባው። አማቻችን አሉት። ቶኩጂ ከላይ ሆኖ በጆሮው ሰማ፤ እንባው ሳያስፈቅደው ወረደ። በእጅጌው ጠርጎ፣ መንገዱን ሊወርድ ዞረ።

«አንተ ወዴት ነው?» አለችው ፉሳኤ።

ሴቶቹ መስመራቸውን አልበተኑም። ክንዳቸው እንደተቆላለፈ ነው፤ ሁሉም እሱን ያያሉ።

«ተይ እንጂ፣ ፉሳኤ። በዚህ ዕድሜዬ?»

«ኧረ ደንቡ አዲስ ሙሽራ ነው የሚለው» አሉ ጋሼ ካንሱኬ፣ አሁን ግን ፈራ ተባ እያሉ።

«ያገባሁት እኔ ነኝ» አለች ፉሳኤ። «አርጅቷል አላረጀም የምለው እኔ ነኝ። የአያቴ ሐዘን ደግሞ አልቋል።»

ቶኩጂ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከኋላው እነዚያ አምስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ወገቡን ያመመው «ልጁ» ሳይቀር። አብረውት ስንቱን ሲወረውሩ የኖሩ ናቸው። ብብቱን ይዘው አንስተው፣ በሴቶቹ ክንድ ላይ አጋደሙት። ላባ ነበር፤ ለሴይኬን የተጠራቀመ ጉልበት ሁሉ ለሱ ተረፈ። «አንድ» ያለው ሕዝቡ ነው፤ «ሁለት» ሲል ጋሼ ካንሱኬም ድምፃቸው ነበረበት።

ቶኩጂ በአየር ላይ ሳለ አልጮኸም። ሰማይና በረዶ ቦታ ሲለዋወጡ አየ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ነጭና ዝም ያለ ሆነ።

ሴይኬንና ሚኖሪ ሊያወጡት ሮጡ። ፉሳኤ ግን ከላይ «እንዳትነኩት፣ የኔ ነው» ብላ ጮኸችና በመቀመጫዋ ቁልቁል እየተንሸራተተች መጣች። በጉልበቷ ሄዳ እግሩን ያዘች። ልትጎትት ስትል ከበረዶው ውስጥ የታፈነ ድምፅ ሰማች።

«አታውጪኝ፤ ትንሽ ቆዪ» ይላል።

በያዘችው እግር በኩል ሰውነቱ ሲንሰቀሰቅ ተሰማት። ፉሳኤ ለሕዝቡ ጀርባዋን ሰጥታ በረዶው ላይ ተቀመጠች፤ አመድ ይዘው የመጡትን «ቆይ፣ ገና ነው» ብላ መለሰቻቸው፤ እግሩን ሳትለቅ፣ በቃኝ እስኪላት ጠበቀችው።