ስለ ኅዳር ሙታን የተጠየቀ የክርስትና ስም

ክፉ ነገር ሲወርድበት «የአምላክ ፈቃድ ነው» ብሎ አንገቱን የሚደፋ የሰው ልጅ፣ በጎ ነገር በደጁ ሲቆም ግን «ከወዴት መጣህ? ምንስ ሽተህ ነው?» እያለ ዋስ ይጠራበታል። ይህም፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከአዳም ውድቀት ወዲህ በባሕርያችን ሥር የሰደደ ጽኑዕ ደዌ ነውና ሌላውን ነቅፈን ራሳችንን ነጻ አናውጣ፤ ለሁላችንም ንጹሕ ዓይን ይስጠን።

በዘመነ ኅዳር በሽታ፣ ያ ብርቱና መራራ መቅሠፍት አገር ምድሩን ባጠፋበት ወራት፣ በጎጃም ቆላ ወይብላ ሚካኤል በምትባል አጥቢያ ሟች ከቀባሪ በዝቶ፣ ሕያዋን ጉልበታቸው ቢከዳቸው ሦስቱንም አራቱንም በአንድ ጉድጓድ አኖሩ፤ ፍትሐት የሚፈታው፣ የእያንዳንዱንም የክርስትና ስም የሚያውቀው ቄስ እርሱ ራሱ ከነሱ ጋር ወደቀ። በአራተኛው ዓመት ይኄይስ የሚባል የበቅሎ ነጂ ጎልማሳ መጥቶ፣ በሟቹ ፈንታ የተሾሙትን አባ ላቀውን እጅ ነሥቶ እንዲህ አላቸው፦ «አባቴ፣ በዚያ ወራት እዚህ መንገድ ላይ ወድቄ ሳለሁ ፊታቸውን በቅጡ ያላየኋቸው ሰዎች ውኃ አጠጥተው አተረፉኝ። ተመልሼ ብጠይቅ አልቀዋል አሉኝ። የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅምና ለሁሉም ላገልግል።» ስንቁን ከራሱ እየበላ፣ የጅምላውን መቃብር በድንጋይ ካብ አጠረ፤ የተደፈነውን ምንጭ ጠረገ፤ በሬ ለሌላቸው መበለቶች አረሰ፤ ይህንም ሁሉ «ስለ ኅዳር ሙታን» ብሎ ብቻ ሠራው።

ሕዝቡ ግን እሰይ አላለም። የአጥቢያው ጭቃ ሹም ቢሻው፣ ነገር አዋቂና ርስት ጠባቂ ሰው፣ «በነጻ የሚያርስ በሬ እንኳ ጭድ ይሻል፤ ይኼ ሰውዬ ምን ሊሻ ነው?» አለ፤ ሰዉም ሳቀ፤ ከሳቀም በኋላ ፈራ። በተለይም ይኄይስ ለኅዳር ሚካኤል ጸሎት እንዲደርስላቸው የሙታኑን የክርስትና ስም ቤት ለቤት መጠየቅ በጀመረ ጊዜ ፍርሃቱ ጸና፤ ተዝካር ያወጣ፣ መቃብር የጠበቀ፣ አጥንት የቆጠረ ሰው «ዘመዴ ነው» ብሎ ርስት ሲካፈል በዚያ አገር የታየ ነገር ነውና። ስለዚህ ተማከሩ፤ በጎነቱን «ርስት ፍለጋ» አሉት፤ ለጠየቃቸውም የሙታናቸውን እውነተኛ ስም ሸሽገው የሐሰት ስም ሰጡት፤ እርሱም በቅንነት ተቀብሎ ለአባ ላቀው አስጻፈ።

ቢሻው አንድ ቀን ከካቡ አጠገብ አገኘውና፣ «አንተ ሰው፣ አጥንት ትቆጥራለህ አሉ» አለው።

«ጌታዬ፣ የምሻው ስማቸውን እንጂ መሬታቸውን አይደለም።»

«እሱንማ ማን ያጣዋል! ስሙ ይቅደም፣ መሬቱ ይከተላል።»

«እንግዲያው በሚካኤል ፊት ልማል፤ ከዚህ አገር አንዲት ክንድ መሬት ብሻ ሰማይና ምድር ይፋረዱኝ።»

«አያችሁ?» አለ ቢሻው ወደ ሰዎቹ ዞሮ፤ «ሳይጠሩት የሚምል፣ የሚክደው ነገር ቢኖረው ነው።»

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አባ ላቀው በካቡ መግቢያ ቆመው፣ «ነፍስ ይማር» እያሰኙ ስሙን ያነቡ ጀመር። ሕዝቡ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ያልነበሩ ሰዎች ሲጠሩ እየሰማ፣ ማንም ማንንም ሳያይ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። «ወለተ ማርያም» ባሉ ጊዜ ግን ይኄይስ ያረሰላት መበለት አቻምየለሽ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ጮኸች፦ «ተዉ አባቴ! የኔን ልጅ አይደለም የጠሯት! የኔዋ ወለተ ጽዮን ናት። ዋሽቼ ነው፤ መሬቱን ከፈለገ ይውሰደው፣ ልጄን ግን አትዝለሉብኝ!» ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ «የኔም ወልደ ሚካኤል ነበር» አለ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ አባ ላቀውም ሐሰቱን እየፋቁ እውነቱን ጻፉ። ነገር ግን ጥርጣሬው ጨርሶ ለቀቀ እንዳይመስላችሁ፤ እውነቱን የተናገሩትም ሲናገሩ በጎን ዓይናቸው እንግዳውን ያዩት ነበር።

በመጨረሻ አባ ላቀው ቀና ብለው፣ «ቢሻው፣ ወንድምህንስ ማን ልበል?» አሉት።

ያን ወንድሙን ቢሻው በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወደዚያው የጅምላ ጉድጓድ አውርዶት ነበር፤ በወንዙ ዳር ያለውን የወንድሙን ድርሻም ከዚያ ወዲህ ብቻውን ያርስ ነበር። ካቡን ተደግፎ የቆመውን ይኄይስን አየው፤ የሚያነቡትን ካህን አየ።

«እሱ እዚህ የለም፣ አባቴ» አለ። «ወደ በረሃ እንደወረደ ቀረ። የት እንደሞተም አላውቅ።»

ጸሎቱ ያለ እርሱ ተፈጸመ። ይኄይስም ከዚያው ቦታ አባ ላቀውን ተሳልሞ፣ ለእህል እንኳ ሳይቀመጥ፣ በመጣበት መንገድ ሄደ፤ ቢሻው ግን የክስ መጥሪያ ይመጣብኛል እያለ ዕድሜውን ሙሉ ያንን መንገድ ሲያይ ኖረ፤ በዚያም መንገድ አንድ ከሳሽ አልመጣበትም። እንዲህም ሆነ፦ ርስቱን ከባዕድ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ወንድሙን ለዝንጋዔ አወረሰ።