ከድንኳኑ ጥግ የቆመችው መኪና

«ይኸው፣ ደግሞ ጀመረ!» አለች የወይዘሮ ኮከቤ እህት እንዳለች፣ የእህቷን ጉልበት በሁለት እጇ ጨብጣ።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቅሶኛ ሁሉ ወሬውን አቋረጠ። ጠክ። ትንሽ ዝምታ። ጠክ፣ ጠክ። ድምፁ የሚመጣው ከግቢው ጥግ፣ የዕድሩ ልጆች ድንኳን ሊተክሉ ሲሉ ገፍተው ካስጠጓት መኪና ነበር። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። ሟቹ አቶ ሸዋንግዛው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ፣ ከወጡም በኋላ፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቋት ነበር። ልደታ አካባቢ እሷን ሲነዱ ያያቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ከሥሯ ተኝተው ያላያቸው ግን የለም።

«ሸዋዬ ነው» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከቤ። ድምፃቸው ውስጥ እንባ አልነበረም። «መፍቻ አቀብሉኝ ሲል እንዲህ ነበር የሚያንኳኳው። የትም አልሄደም።»

ሰብለወንጌል፣ አንድ ልጃቸው፣ ፍራሹ ላይ ከጎናቸው ተቀምጣለች። ድምፁን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«እማዬ፣ የቤንዚን ፓምፑ ነው» አለች ቀስ ብላ። «መስመሩ ሲሞላ ዝም ይላል። ዝም ካላለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።»

«ትናንት ከቀብር ስንመለስ ነው የጀመረው» አለች እንዳለች። «ምነው እስከ ቀብሩ ድረስ ዝም አለ ታዲያ?»

ለቅሶ ቤት ውስጥ ፓምፕ ከመንፈስ ጋር ተከራክሮ ረትቶ አያውቅም።

የባሰው ግን ሽታው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ሌላ ቤት ቢሆን ሰው እሪ ብሎ እሳት ያጠፋ ነበር። እዚህ ቤት ግን ቤንዚን የአቶ ሸዋንግዛው ጠረን ነው፤ መዝገብ ቤት እንኳ ሳሉ ከኮሌታቸው አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ሽታውን ሳቡት፣ አለቀሱ፣ «መጣ» ተባባሉ። እንዳለች ደግሞ ትንሽ ጠረጴዛ ወስዳ ከመኪናዋ ኋላ አስጠጋች፣ የሟቹን ፎቶ አቆመችበት፣ ፊት ለፊቱም ሁለት ጧፍ ለኮሰች። ጧፎቹ የተለኮሱት ልክ ሰልባትዮው፣ የቤንዚኑ መያዣ፣ አጠገብ ነበር።

ሰብለወንጌል የት ቦታ እንደሚያፈስ ሳታየው ታውቃለች። ጭንቀቷም እሱ ነው።

ከስድስት ወር በፊት ነው። አባቷ ከመኪናዋ ሥር አንድ የቤንዚን ቱቦ አውጥተው በጣታቸው ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰነጠቀ። «ይኼ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ መውጣት ነበረበት» ብለው ሳቁ። አዳዲስ ቱቦዎችና የፓምፑ ጎማዎች ከለንደን በሰው ሻንጣ መጡ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በሳምንቱ እያሉ ሁሉንም ቀየሩ። አንድ ነገር ብቻ አቃታቸው። ከሰልባትዮው ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ቱቦ አንቆ የሚይዘው ፋሸታ ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ካቻቢቴው ብሎኑ ላይ አልቀመጥ አላቸው።

ደወሉላት። «እጅሽን አውሺኝ የኔ ልጅ። አንድ ፋሸታ ናት።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ አባዬ።»

የምትኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በእግር ቢበዛ ሩብ ሰዓት። ቅዳሜው አለፈ። ቀጣዩም አለፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስልኳ ሲጮኽ ስማቸውን አየች፣ «በኋላ እደውላለሁ» አለች ለራሷ፣ ዘጋችው። እሑድ ጠዋት መኪናዋን ተደግፈው እንደተቀመጡ ተገኙ። ልባቸው ነው ተባለ። ስለ ስልኩ ለማንም አልተናገረችም።

ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ።

አንዷ ጧፍ ዘመም ስትል አየች። ብድግ አለች።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ዱሬሳ ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘረጉ። «ወዴት ነው ልጄ? ሠልስቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። ሰው ምን ይላል?»

«ጋሽ ዱሬሳ፣ እሳት ከተነሣ የሚልም ሰው አይተርፍም።»

ሄዳ ሁለቱንም ጧፎች እፍ አለቻቸው። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አሉ። ጠረጴዛውን ጎትታ አራቀች፣ የቡናውን ከሰል ከግቢ እንዲያወጡት አዘዘች። ወይዘሮ ኮከቤ ከፍራሹ ተነሡ።

«ተይው ሰብሌ! ዝም ካሰኘሽው ይሄዳል።»

ሰብለወንጌል ወደ እናቷ ዞረች። እውነቱን ለመናገር እሷም እንዲሄድ አልፈለገችም። እያንኳኳ ቢቆይ ምን ነበረበት? ግን ከመኪናዋ ሥር አፈሩ ርሷል፤ ጠብታውም አላቋረጠም።

የአባቷ ወዳጅ ቢላል ከለቅሶኛው መሀል ወጥቶ ተከተላት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የባትሪ ሱቅ ያለው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ክሪክ አምጥቶ የመኪናዋን ኋላ አነሣ፣ ጎማው ሥርም ድንጋይ ደገፈ።

ቤንዚን ከመንካት በፊት ባትሪ ይፈታል፤ የአባቷ የመጀመሪያ ሕግ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ያለውን የባትሪውን ጉድጓድ ክዳን ከፈተች።

ባዶ ነው። ሁለት ገመዶች ጫፋቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተጋድመዋል።

«ቢላል፣ ባትሪው የት ሄደ?»

ቢላል ወደ ጉድጓዱ አየ። ከንፈሩ ነጣ። «እኔ ጋ ነው» አለ። «ዓርብ ዕለት ጋሼ ራሳቸው አምጥተውልኝ... ሱቅ ነው፣ ቻርጅ ላይ ነው።»

ከሥራቸው ጠክ አለ።

የሰብለወንጌል ክንድ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ሮጣ ወደ ሰው መሀል መግባት፣ እናቷ ጉያ ውስጥ መሸጎጥ አማራት። ቢላል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል። እሷ ግን ከወንበሩ ሥር የአባቷን ካቻቢቴ አወጣች፣ ካርቶን አነጠፈች፣ ከነጥቁር ቀሚሷ በጀርባዋ ተንፏቃ ከመኪናዋ ሥር ገባች።

ሁሉም አዲስ ነው። ቱቦዎቹ፣ ማሰሪያዎቹ፣ ሁሉም በሥርዓቱ ተገጥመዋል። የመጨረሻው ፋሸታ ብቻ ቱቦው ላይ ልል ብሎ ተቀምጧል፤ ብሎኑ በቀላሉ እንዲገኝ ወደ ታች ዞሯል። ለሌላ ሰው እጅ የተመቻቸ ነው። ግራ መዳፏን ፓምፑ ላይ አሳረፈች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ከውስጡ ግን አንድ ነገር መዳፏን መታ። ዝም አለ። ደግሞ መታ።

«መጣሁ አባዬ» አለች። «ዘገየሁብህ።»

ብሎኑን አንድ ዙር አጠበቀችው። ምቱ ራቅ ራቅ አለ። ሌላ ዙር። ቤንዚኑ በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። እጇ ቆመ። አንድ ዙር ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ አባት የላትም። እያለቀሰች አዞረችው።

ጠክ።

ጠበቀች። ሌላ ይመጣል ብላ መዳፏን ሳታነሣ ብዙ ጠበቀች። ጠብታው ቆሟል።

ስትወጣ ቢላል ውኃና ሳሙና ይዞ ጠበቃት። ወይዘሮ ኮከቤ የእህታቸውን ድጋፍ ገፍተው ብቻቸውን መጡ፣ ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«እማዬ» አለች። «ቅዳሜ ደውሎልኝ ነበር። ዘጋሁበት።»

«አውቃለሁ። አጠገቡ ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

«ሥራ በዝቶባት ነው፣ ትመጣለች አለኝ።»

ሰብለወንጌል ልትታጠብ እጇን ዘረጋች። ቢላል ውኃውን ሊያፈስላት ጆጉን አዘነበለ።

«አትታጠቢው» አሉ ወይዘሮ ኮከቤ። ቤንዚን የነካውን እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አፍና አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽታውን ሳቡት፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው መዳፏ ውስጥ ወረደ።