የማላኪ ወንበር

አትራክታ ማንኪያውን ተርኒፑ ውስጥ ሰክታ በሁለት እጇ ስትጫነው ማንኪያው ተጣመመ። ይህ ዛሬ የተጣመመ ሁለተኛው ማንኪያ ነው።

"እማዬ፣ ዱባ እኮ አምጥቼልሽ ነበር" አለች ልጇ ፊኑላ፣ ድንቹን ከጎመኑ ጋር እየደቆሰች። "ዱባ ቶሎ ይፈለፈላል።"

"ዱባ ለሾርባ ነው። አያቶቻችን በተርኒፕ ነው ያበሩት፣ እኛም በተርኒፕ እናበራለን።"

"ዱባ ስላላገኙ ነዋ።"

"ይሁና። አንቺ ከደብሊን ተሸክመሽ ያመጣሽውን የላስቲክ አጽም የውጭው በር ላይ ስትሰቅዪ አንድ ቃል ተናገርኩ?"

"ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር አልተናገርሽም።"

ተርኒፕ ለከብት መኖ የሚዘራ፣ የሰው ራስ የሚያህል ሥር ነው። ሲበስል ይጣፍጣል፤ ጥሬውን ልፈልፍል ላለ ግን እልኸኛ ነው። አትራክታም እልኸኛ ናት። ውስጡን ቦርቡራ ዓይንና ጥርስ አወጣችለት፤ ሻማ አስገብታ ደጃፉ ላይ አኖረችው። ክፉ የታመመ ሽማግሌ መሰለ፤ እሷም ደስ አላት።

ዓለም ሃሎዊን የሚለውን በዓል አሜሪካኖች የፈጠሩት የሚመስለው ሰው አትራክታ ፊት አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። በዚህ በአየርላንድ ምዕራብ ሰው ከብቱን ከተራራ አውርዶ በረት ሲያስገባ፣ በጋው አልቆ የጨለማው ወራት ሲገባ ያለችውን ምሽት "ሳውን" ብሎ ሲያከብር ዘመን ቆጣሪም አልነበረ። በዚያች ምሽት በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው በር ይከፈታል። የሞተ ዘመድ ቤቱን ሊጎበኝ ይመጣልና ሳህን ይቀርብለታል፤ እሳቱ አጠገብ ወንበር ይደረግለታል፤ የቤቱም በር አይቆለፍም። ከዘመድ ጋር ክፉውም ስለሚወጣ ሰው ፊቱን ይሸፍናል፤ ክፉው የራሱ ወገን መስሎት እንዲያልፈው ነው።

አትራክታ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ደረደረች። አንዱ የራሷ፣ አንዱ የፊኑላ። ሦስተኛውን እሳቱ አጠገብ ባለው ወንበር ፊት ስታስቀምጥ ፊኑላ መደቆሷን አቆመች።

"ለአባዬ ነው?"

"ለማን ይሆናል?"

"የሚያምሽ ከሆነ ዘንድሮ ብንተወው..."

"ዘንድሮ ካልመጣ መቼ ሊመጣ ነው?"

ቀልድ አስመስላ ነው የተናገረችው። ማላኪ የሞተው ከፋሲካ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን እሷ ይህችን ምሽት ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ይመጣል ብላ ከልቧ አላመነችም። አይመጣም ብላም አልቆረጠችም።

ፊኑላ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ከጉብታው ማዶ አንድ ቤት አለ፤ መብራቱ ጠፍቷል። "አጎቴ ፈርጋል ጨለማ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?"

"ስሙን እዚህ ቤት አታንሺ።"

"እማዬ፣ አባዬ እኮ ሞቷል።"

"ቃሌ ግን አልሞተም።"

ነገሩ የረግረግ ነገር ነው። የማላኪና የወንድሙ የፈርጋል አባት፣ አፈሩ ተቆርጦ ሲደርቅ ለማገዶ የሚሆነውን የረግረግ መሬት ሳያካፍላቸው ሞተ። አንዱ ድንበሬን አልፈህ ቆረጥህ አለ፤ ሌላው ውሸታም አለው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ፀጉራቸው እስኪሸብት ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። ረግረጉን ዛሬ የሚቆርጠው የለም፤ ሣር ውጦታል። ማላኪ ግን ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ አልበረደለትም። የአትራክታን እጅ ይዞ፣ "ብሞትም ፈርጋል የቤቴን ደፍ እንዳይረግጥ። ማይልኝ" አላት። ማለችለት። ሲቀበርም ፈርጋል በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልታየም፤ ይህም ቃሏን አቀለለላት። ወንድሙን ለመቅበር ያልመጣ ሰው ደፏን ባይረግጥ ምን ይቀርበታል?

እራት ሊቀርብ ሲል በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና በዚህች ምሽት ከቤት ቤት የሚዞሩት ጭምብለኞች ገቡ። የገለባ ቆባቸው ከአናት እስከ ትከሻ ይሸፍናል፤ ለዓይን የተተወ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። አይናገሩም፤ ደንቡ ነው። የቤቱ እመቤት ማንነታቸውን ሦስት ጊዜ ትገምታለች። ካወቀችው ጭምብለኛው ገለባውን አንስቶ ይበላል፣ ይጠጣል። ካላወቀችው እንደተሸፈነ በልቶ እንደተሸፈነ ይወጣል፤ ማን ነህ ብሎ የሚከተለው የለም።

"ያኛው አኮርዲዮን ያቀፈው ዴክላን ነው" አለች አትራክታ፣ ገና እንኳ ሳይቀመጡ። "ያንን ሆድ የአገሩ ገለባ በሙሉ አይሸፍነውም።"

ጎረቤቷ ዴክላን ገለባውን እያነሳ፣ "ትንሽ እንኳ ብታስቢ ምን ነበረበት? ቅር እኮ ይላል ሰው" አለ።

"አጠገብህ ያለችው ደግሞ ሚስትህ ናት። የአንተን ሱሪ ለብሳ አሥር ጊዜ ከፍ ታደርገዋለች።"

ኮንሴፕታም ላብ በላብ ሆና ከገለባው ወጣች። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ዴክላን አኮርዲዮኑን ከፈተ፤ ፊኑላ ብርጭቆ አወጣች፤ አትራክታ የዘቢቡን ዳቦ ልትቆርስ ቢላዋ አነሳች። ማላኪ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው።

ያን ጊዜ በሩ እንደገና ተከፈተ።

አንድ ሰው ነው፤ ብቻውን። ራሱ በገለባ ተሸፍኗል። ከገለባው በታች ያለው ግን የማላኪ ካፖርት ነው። ቡናማው፣ ረጅሙ፣ ክርኑ የተጣፈው። በሩን ሲዘጋ በትከሻው ገፋ አደረገው፤ ማላኪ እንደሚገፋው። ሲራመድ ግራ እግሩን ትንሽ ጎተተ፤ ማላኪ እንደሚጎትተው። ማንንም ሳያይ ሦስተኛው ሳህን ወደቀረበበት ወንበር ሄዶ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

የአትራክታ ቢላዋ ዳቦው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።  መፍራትም መደሰትም አልነበረም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ደረቷ ላይ ወደቁባት። ስትጠብቀው የከረመችው ነገር መጥቶ ፊቷ ተቀምጧል፤ እሷ ደግሞ ምን እንደሚባል ጠፋት።

"ማላኪ" አለች።

አኮርዲዮኑ ቆመ።

"አንድ" አለ ዴክላን። ግምት መቁጠር ልማድ ሆኖበት ነው፤ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ራሱም ደነገጠ። ኮንሴፕታ ጎኑን ቆነጠጠችው።

የገለባው ራስ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። አይደለሁም ማለቱ ነው።

አትራክታ ትንፋሿ ሲመለስ ድንጋጤው አልወጣላትም፤ መልኩን ለወጠባት እንጂ። ሰው ነው ማለት ነው። የሟች ባሏን ልብስ ለብሶ ሊሳለቅባት የመጣ ሰው። ጉንጯ ነደደ። ጠረጴዛውን ዞራ ፊቱ ቆመች። ካፖርቱ የማላኪ ስለመሆኑ ጥርጥር የለም፤ ከቁልፎቹ አንዱ አረንጓዴ ነው። ቡናማ ቁልፍ አጥታ በገዛ እጇ የሰፋችው፤ ማላኪ "ዛፍ አስመሰልሽኝ" እያለ ለብሶት የኖረው። ገለባውን ከላዩ ልትገነጥል እጇን ሰነዘረች።

ከዚያ እጆቹን አየች። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ያቺን ጣት ያላየ ቢኖርም ታሪኳን ያልሰማ የለም። ልጆች ሳሉ የድርቆሽ መቁረጫውን እጀታ ያዞር የነበረው ማላኪ ነው፤ ምላጩ አጠገብ የነበረው ታናሽየው። ማላኪ በጠጣ ቁጥር ይህን እያነሳ ያለቅስ ነበር። ስለ ፈርጋል ሲያወራ የማይራገመው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፊኑላም አይታለች። "እማዬ፣ ይሄ እኮ..."

"ገማቿ እኔ ነኝ። አንቺ ዝም በይ።"

አትራክታ ነገሩን አወጣች አወረደች። ስሙን ከጠራች ገለባው ይነሳል። ገለባው ከተነሳ ፈርጋል በማላኪ ቤት፣ በማላኪ ወንበር ላይ፣ ሰው እያየው ተቀምጧል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ውጣ ማለት ግድ ይሆንባታል። ምላለች። ካፖርቱ ትከሻው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሰውየው ያለ ድምፅ እያለቀሰ እንደሆነ ገባትና ይበልጥ ደነገጠች፤ ከዚህ ሰው ስድብ እንጂ እንባ ጠብቃ አታውቅም።

"የፖስታ ቤቱ ሼመስ" አለች።

የገለባው ራስ ለአፍታ ቀጥ አለ። ከዚያ ተወዛወዘ።

"ሼመስማ ቁመቱ እዚህ ድረስ ነው" አለ ዴክላን።

"ሦስተኛዬ የኮንሴፕታ ወንድም ነው። ያ ቀውላላው።"

"ወንድሜ ካናዳ ነው ያለው፤ ምን ነካሽ አትራክታ?" አለች ኮንሴፕታ።

"እንግዲያው አላወቅሁትም። ያልታወቀ እንግዳ ደግሞ ይበላል።"

ድንችና ጎመኑን በማላኪ ሳህን ሞላችለት፤ መሃሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ ጣለችበት። ሰውየው ገለባውን ከሥር ትንሽ ከፍ አድርጎ በላ። ዴክላን ምን እንደሚያደርግ ቢጨንቀው ዝግ ያለ ዜማ ጀመረ። አትራክታ ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃው ላይ ቆመች። ማላኪን እያታለለችው ይሁን እያስታረቀችው አላወቀችም፤ እንዲህ የሚያንገበግብ እራት አቅርባ አታውቅም።

ፊኑላ ተጠግታ በጆሮዋ ነገረቻት። "ካፖርቱን እኔ ነኝ ከሌላው ልብስ ጋር ለአሮጌ ልብስ መሸጫው የሰጠሁት። አንቺው አውጪልኝ ስላልሽኝ። መስኮት ላይ ሰቅለውት ነበር።"

"ለመሳለቅ ነው የገዛው?"

"እስቲ እየው፤ ይሄ መሳለቅ ነው?"

ሰውየው ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ተነሳ። ለአትራክታ ራሱን ዝቅ አደረገና እንዳመጣጡ ያለ አንድ ቃል ወጣ። በሩ ተዘጋ።  አትራክታ ሽርጧን ፈታች፤ መልሳ አሰረችው። ከዚያ በነጠላ ጫማዋ ተከትላው ወጣች።

የውጭው በር ጋ፣ ከላስቲኩ አጽም ሥር ደረሰችበት። ገለባውን አውልቆ ብብቱ ውስጥ ይዞታል። ፊቱን በጨለማው አላየችውም።

"ፈርጋል።"

ቆመ። "አውቀሽኛል?"

"ከጣትህ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ቤቱ እንዳላስገባህ ለወንድምህ ምያለሁ።"

"ያደርገዋል። እሱ እልኸኛ ነው። እኔም ያው ነኝ" አለ።

"ልትቀብረው እንኳ አልመጣህም።"

"ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። መግባት አልሆነልኝም። በቁሙ ያላናገርኩትን ሰው ሞቶ ምን ልበለው?" ካፖርቱን ያወልቅ ጀመር። "የማያውቀው ሰው እንዳይለብሰው ብዬ ነው የወሰድኩት። አንቺን ላስደነግጥ አልነበረም። ዛሬ ወንበሩ ባዶውን እንዳይቀርበት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንኪ።"

አትራክታ ካፖርቱን ከእጁ ልትቀበል ስትል በገዛ እጇ የሰፋቻትን ቁልፍ ዳሰሰች። ጨርቁን መልሳ ትከሻው ላይ ሳበችለት።

"ልበሰው፤ ይበርዳል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ መብራቱን ወደ መቃብሩ እወስድለታለሁ" አለች። "ተርኒፑ ይከብደኛል። የሚሸከምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"እኔን ነው?"

"ስለ ቤቱ ነው የማልኩት። ስለ መቃብሩ አልማልኩም።"

ፈርጋል በእሺታ ራሱን ነቀነቀና እንደ ወንድሙ ግራ እግሩን ትንሽ እየጎተተ ወደ ጉብታው ወጣ። አትራክታ ጥቂት ቆማ አየችውና ወደ ቤት ተመለሰች። ኮንሴፕታ ፊቷን ልታነብ ትሞክር ነበር፤ ፊኑላ ደግሞ አቀርቅራ ብርጭቆ ትወለውል ነበር።

"ማን ነበር አትራክታ?" አለ ዴክላን። "ለእኛ ለጎረቤቶችሽ እንኳ አትነግሪንም?"

አትራክታ ዳቦው ውስጥ የተሰካውን ቢላዋ ይዛ መቁረሷን ቀጠለች።

"አላወቅሁትም አልኩህ እኮ። ነገ ፊቱን ሳየው እነግርሃለሁ።"