ያልታረመው መደብ

ኢናቭ ከእስራኤሏ ከተማ ከአሽቀሎን ወጣ ብሎ ባለው የሙከራ ማሳ የመስኖውን ውሃ ከፍታ ስትመለስ፣ አባቷን አረሙ መሃል ተንበርክከው አየቻቸው። እጃቸው ይፈጥናል። ከኋላቸው የተነቀለ አረም ተከምሯል።

«አባባ! ይተዉት!»

አልሰሙም፤ ከመንገዱ ዳር ትራክተር ያጓራል። ሮጠች።

ኢናቭ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በዚያ በጋ የምታጠናው አኩሪ አተርና አረም አብረው ሲያድጉ አረሙ ከሰብሉ ምን ያህል እንደሚቀማ ነበር። አንዳንዱ መደብ በጊዜ ይታረማል፣ አንዳንዱ ዘግይቶ፤ አንዳንዱ ደግሞ እስከ አጨዳ ድረስ አይነካም። ካልታረመው ጋር ሳይነጻጸር የታረመው ምን እንደተጠቀመ አይታወቅም። አባቷ ማናዬ በጎንደር ገጠር በእርሻ ያደጉ ናቸው። ከፋብሪካ ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አቲቆት ሰፈር ያለው ቤት ስለጠበባቸው፣ አየር ይቀይሩ ብላ ይዛቸው መጣች። ጥላ ሥር አስቀምጣቸው ሄደች፤ ስለ መደቦቹ ግን አልነገረቻቸውም።

ስትደርስ መደቡ ከግማሽ በላይ ጸድቷል። የቀጨጨው አኩሪ አተር ፀሐይ ላይ ብቻውን ቆሟል። ማናዬ ቀና ብለው ፈገግ አሉ።

«ታንቆ ነበርኮ ልጄ። አሁን ይተነፍሳል።»

«ማ ዓሲታ?» ብላ በዕብራይስጥ ጮኸችባቸው። ምን አደረግክ ማለቷ ነው። አባቷን ባማርኛ «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብላ የማታውቅ ልጅ ነበረች። የማናዬ ፈገግታ ጠፋ።

«አረም እኮ ነው የነቀልሁት።»

«ሆን ብዬ ነው የተውኩት! ሥራዬ እሱ ነው!»

«እህል ሲታነቅ ቆመሽ ታያለሽ?»

«አያለሁ! እለካለሁ!»

ማናዬ ከክምሩ አንዱን አረም አንስተው ሥሩን ወደ ጉድጓዱ መለሱና አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉበት። አረሙ ዘመመ። ሌላ አነሡ። እሱም ዘመመ። ሦስተኛውን አነሡ።

ኢናቭ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«ይተዉ፣ አባባ። አይጸድቅም።»

ስልኳን አወጣች። ጥናቷን ለምትመራው ለኦሸራት ደውላ መደቡ እንደታረመ ነገረቻት። ኢናቭ ሥራዋ ሁሉ የተበላሸ መሰላት።

«ማነው የነቀለው?» ብላ ጠየቀች ኦሸራት።

«አባቴ» አለች፣ ዓይኗን ከእሳቸው ሳትነቅል።

«ይህ መደብ ከጥናቱ ይወጣል» አለች ኦሸራት። «በሌሎቹ ያልታረሙ መደቦች ትቀጥያለሽ። የውጤቱ አስተማማኝነት መቀነሱ ግን አይቀርም።»

ማናዬ ወደ መኪናው ሲመለሱ በመደቦቹ መሃል ሳይሆን ዳር ዳሩን ዞረው ሄዱ።

አጨዳ ሲደርስ አልመጣም ብለው ነበር፤ ለምና አመጣቻቸው። ከጥናቱ የወጣውን መደብ ለእሳቸው ተወችላቸው። ጎንበስ ብለው ለቀሙ፤ ፍሬው የከረጢቱን ታች እንኳ በቅጡ አልሸፈነም።

«ዘግይቼበት ነበር» አሉ።

ኢናቭ በሚቀጥለው መደብ፣ ወገቧ ድረስ በሚደርሰው አረም ውስጥ፣ የአኩሪ አተሩን እግር በእጇ እየዳሰሰች ትፈልግ ነበር።