የመሀል ኳስና የአንዋር ወንበር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ጀርባችሁን ደገፍ፣ እግራችሁን ዘርጋ አድርጉ፤ የዛሬው ወሬ ሩጫ ያለበት ነውና ሰሚው እንኳ ይረፍ። ነገሩ የሳቢራና የልደት ነው፤ ከዚሁ ከከሚሴ ተነስተው ራኬት ይዘው አዲስ አበባ የገቡት ልጆች። ግን ከሮጡበት ሜዳ አንጀምርም። የሳቢራ አባት ዓብዱ ቆሞ ካየበት፣ ከአንዋር ሻይ ቤት እንጀምር።

ያን ቀን ዓብዱ ማሽላውን ለጎረቤት አደራ ብሎ ከመንደሩ ከጨፋ በጠዋት ወጥቶ ከሚሴ ገባ። ልጆቹ በሴቶች ጥንድ ይገጥማሉ፤ ቴኒስን እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች ከየአገሩ የሚመጡበት ትልቅ ውድድር ነው። አንዋር ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ፣ አግዳሚውን ሁሉ በሰው ሞልቶ ጠበቀው።

ዓብዱ ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። በማለዳ ሳቢራ ደውላ የሆነውን አጫውታዋለች። አሰልጣኛቸው ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ ዛሬ ከተሸነፉ ጥንዱ ይፈርሳል፣ እያንዳንዳቸው ከሌላ ልጅ ጋር ይጣመራሉ። ይህን ስትናገር ድምጿ ቅጥን ብሎ ነበር። እሱም «አላህ ያውቃል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ልደት ከአብራኩ ባትወጣም ከትምህርት ቤት መልስ ማሳው ላይ ያደገች ናት። መምህር ማስረሻ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ገመድ ወጥሮ ቴኒስ ማስተማር ሲጀምር እንኳ፣ አንዷን ሲጠራ ሁለቱም ነበር ከተፍ የሚሉት።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል የልደት እናት፣ ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ወለተገብርኤል ገቡ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አንዲት ባለመደገፊያ ወንበር ብቻ ቀርታለች።

«ይቀመጡ እትዬ» አለ ዓብዱ።

«ኧረ በሞቴ አያ ዓብዱ! ከጨፋ ድረስ መጥተው?»

«ወላሂ አልቀመጥም።»

እሳቸውም አልቀመጥ አሉ። ሁለቱም ወንበሯን መሀል አድርገው ግራና ቀኝ ቆሙ። አንዋር ሻይ እያዞረ፣ ይቺ ወንበር በእናንተ ይሉኝታ ባሏ እንደሞተባት ሴት ብቻዋን ቀረች ብሎ ቀለደባቸው። ማንም ግን አልተቀመጠባትም።

ተጋጣሚዎቹ ከውጭ የመጡ፣ ክንዳቸው ረዥም የሆነ ልጆች ናቸው። ሳቢራ ስትመታ ኳሷ ታፏጫለች፤ ልደት መረቡ ሥር እንደ ድመት ነች። ሻይ ቤቱ ሞቅ ሞቅ አለ። ከዚያ አንዲት ኳስ በሁለቱ መሀል መጣች። ሳቢራ ልደትን አየቻት፣ ልደት ሳቢራን አየቻት፤ ኳሷም ማንም ደህና ዋልሽ እንዳላላት መንገደኛ በመሀላቸው አለፈች። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ። የውጭዎቹ ልጆች ነገሩ ገባቸውና መሀል መሀሉን ይልኩት ጀመር። የመጀመሪያው ዙር እንዲሁ ተበላ።

ከወደ ኋላ የተቀመጠው በድሩ፣ የታወቀ ፌዘኛ ነው፣ «ለዚች ኳስ ሽማግሌ እንላክ እንዴ?» አለ። ቤቱ ሳቀ።

ዓብዱ አልሳቀም። ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ልደት ታናሽ ናት፤ በኛ አገር ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ እጁን አይሰድም። ሳቢራ ደግሞ ታላቅ ናትና፣ ቀምቼ ባስከፋትስ እያለች ትተውላታለች። ሊለያዩ ነው የሚለው ጭንቀት ሲጨመርበት ይሉኝታቸው ባሰ። መዋደዳቸው ራሱ ሊያለያያቸው ነው። ዓብዱ ይህን እያሰበ ዞር ቢል፣ እትዬ ወለተገብርኤል ነጠላቸውን በጥርሳቸው ይዘው ቆመዋል፤ ወንበሯም ባዶዋን አለች። ለእሳቸውም ልጃቸው ደውላ ኖሯል፤ እሱን ላለማስጨነቅ ነው ዝም ያሉት።

በሁለተኛው ዙር መሀል ልጆቹ ለዕረፍት ተቀመጡ። ሳቢራ ፎጣዋን በሁለቱም ራስ ላይ ጣል አድርጋ ለልደት አንድ ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለች አልተሰማም። ልደት ግን ከፎጣው ሥር ስትወጣ ትስቃለች፤ ያን ቀን ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ተነሱ። ኳሷ እንደ ልማዷ መሀል መጣች።

«ካን ኮ!»

የሳቢራ ድምፅ ነው። ኳሷ ሜዳውን ሰንጥቃ ወጣች። ሻይ ቤቱ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ካን ኮ ማለት በኦሮምኛ የኔ ነው ማለት ነው። ከሚሴ ውስጥ ማን ያጣዋል? ማሽላ ሲያፈራ፣ ግሪሳ እንደ ደመና ሲወርድ፣ ጠባቂዎች በየማማው ወንጭፍ ይዘው ይቆማሉ። መንጋው በሁለት ማማ መሀል የገባ እንደሆነ ቀድሞ ያየው ካን ኮ ብሎ ይጮኻል፤ ያኔ ሌላው የራሱን ወገን ይጠብቃል። እዚያ ላይ ታላቅ ታናሽ የለም። እዚያ ይሉኝታ የያዘው ሰው ክረምቱን ይራባል። ሁለቱ ልጆች በዓብዱ ማሳ፣ በሁለት ማማ ላይ ሆነው ስንት መኸር እንዲህ ተጠራርተዋል።

ሁለተኛውን ዙር ወሰዱት። መለያው አጭር ነው፦ በሁለት ነጥብ በልጦ አስር የደረሰ ያሸንፋል። አንድ እነሱ፣ አንድ እነዚያ እያሉ ተያያዙት። ልጆቹ ካን ኮ ሲሉ ሻይ ቤቱ ይቀበላል፤ መንገድ ላይ ያለፈው ሁሉ በሩን ሞላ። በድሩ ፌዙን ረስቶ አግዳሚው ላይ ቆሟል። ዘጠኝ ለስምንት መሩ።

የመጨረሻዋ ኳስ ከፍ ብላ፣ አየር ላይ የቆመች እስክትመስል ተንሳፍፋ፣ በሁለቱ መሀል መውረድ ጀመረች። ሳቢራ እጇን አነሳች። ያኔ ታናሿ፣ ልደት፣ ዓብዱ ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ ካን ኮ ብላ ጮኸች። ሳቢራ እንደ ማሽላ ዘለላ ጎንበስ አለችላት። ልደትም ዘልላ መታቻት።

ኳሷን የመለሳት የለም።

ዓብዱ ኩፊያው የት እንደወደቀች አላወቀም። ማን እንዳቀፈው፣ ማንን እንዳቀፈ አላወቀም። አልሐምዱሊላህ ብሎ እንባውን ጠርጎ ቀና ሲል፣ እትዬ ወለተገብርኤል ያቺን ባለመደገፊያ ወንበር ሞልተው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ማንንም ይቀመጡ አላስባሉም።

«ካን ኮ» አሉት፣ ወንበሯን መታ መታ እያደረጉ።

ዓብዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከበድሩ አግዳሚ ጫፍ ላይም ማንንም ሳይለምን ተቀመጠ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሁለቱ ልጆች በአንድ ስልክ ተሻምተው ያወራሉ፦ አሰልጣኙ ጥንዱ አይነካም ብሏል፣ ቀጣዩንም አብረው ነው የሚገጥሙት።

አደራችሁን ልጆቼ፣ ከወዳጃችሁ ጋር ቆማችሁ አንዲት ኳስ በመሀላችሁ ስትመጣ፣ እነዚያን ሁለት ማማዎች አስታውሱልኝ።