የታሰረው ግብር ሰብሳቢ

የአስጎብኚው ዕጣ ያን ቀን የተንጠለጠለው በልጆች አፍ ላይ ነበር። የታሪክ ፓርኩ ሥራ አስኪያጅ ቁርጡን ነግረውታል፤ «ባለፈው ግማሹ ክፍል አዛጋ፤ ግማሹ ተኛ። ዛሬም አንድ ልጅ ሲያዛጋ ባይ ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ ትኬት ትቆርጣለህ።»

ታሪክ ሲያወራ ምሳውን ለሚረሳ ሰው ይህ በቁም መቀበር ነው። ስለዚህ ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋውን ካባ ደርቦ፣ ተማሪዎቹን ከጥንቱ የድንጋይ ጎተራ ፊት ለፊት ጠበቃቸው።

«እኔ የንጉሡ ግብር ሰብሳቢ ነኝ፤ እናንተ ገበሬዎች። ዝናብ ጠፍቷል፤ የንጉሡ ጎተራ ግን ጢም ብሏል። እሱም ከያዛችሁት ግማሹን አምጡ ብሏል። ምሳ ዕቃ ክፈቱ።»

«የምርህን ነው ጋሼ?»

«ግብር ሰብሳቢ ቀልድ አያውቅም።»

ብስኩቱንም ሙዙንም እየለቀመ ወደ ጎተራው ያስገባ ጀመር። የጥንቶቹ ገበሬዎች ተነሥተው ግብር ሰብሳቢውን እዚያው ጎተራ ውስጥ እንደቆለፉበት ሊነግራቸው ለመጨረሻ አስቀምጦት ነበር። አልደረሰም። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ዳቦዋን ይዞ ሲገባ ጠብቃ በሩን ገፋችና መወርወሪያውን ከውጭ ሸጎረችው።

«ክፈቺ የኔ ልጅ፤ ጨዋታው አልቋል።»

«መጀመሪያ ዳቦዬን።»

«በተዘጋ በር እንዴት አድርጌ ልስጥሽ?»

«እሱንማ ሳትወስድ ነበር ማሰብ።»

ይኼኔ ሥራ አስኪያጁ ያዛጋ ሊፈልጉ ከተፍ አሉ። «አስጎብኚያችሁ የታል?»

«ታስሯል» አሏቸው ልጆቹ። ለምን ቢሉ፣ ድርቁን፣ የሞላውን ጎተራ፣ የንጉሡን ግማሽ እየተሻሙ ተረኩላቸው።

«በቃ፣ በቃ። አሁን ፍቱት፤ እኔ አለቃው ነኝ።»

ልጆቹ ተያዩ። ጥርሰ ወላቃዋ «የግብር ሰብሳቢው አለቃ?» ስትል አጣራች።

«አዎ፣ የእሱ አለቃ።»

ይህን ማለት አልነበረባቸውም። በሩ ተከፈተ፤ ልጁ ሁሉ ተረባርቦ ንጉሡን ወደ ውስጥ ሸኘ፤ በሩ ተዘጋ።

ጨለማው ውስጥ ሁለቱም ታስረው ቀሩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የጥንቱ ሰውዬ እንዴት ወጣ?» አሉ።

«ንጉሡ ግብሩን ሲያነሣ።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠራርገው በበሩ ስንጥቅ አወጁ፤ «ግብሩ ተነሥቷል።»

«ዳቦውስ?» አለ የውጪው ድምፅ።

ከሥራቸው ዳብሰው አወጡት። ተቀምጠውበት ኖሯል።

ሲፈቱ አቧራቸውን እያራገፉ ወደ አስጎብኚው ዞሩ። «ያዛጋ አላየሁም። ነገም የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ፤ የምታስጎበኘው አንተው ነህ» አሉት። ጥቂት ራቅ ካሉ በኋላ ደግሞ መለስ ብለው፣ «እኔ ግን ቢሮዬ ነኝ፤ አለቃ አለኝ እንዳትላቸው።»