ጌታ ተናገረኝ

«መጣች! ፓርክ እያደረገች ነው!» ብሎ ማትያስ ከመስኮቱ አጠገብ ጮኸ።

ሽታዬ የአራት ወር ሕፃኗን አርያምን በግራ ክንዷ እንዳቀፈች፣ በቀኝ እጇ የቁርስ ሳህኖቹን ከጠረጴዛው ላይ እየለቀመች ሲንኩ ውስጥ ከመረቻቸው። ያ ጠረጴዛ ጠዋት ምግብ ይበላበታል፤ ሳህኑ ሲነሳ ትምህርት ቤት ይሆናል።

«ስምዖን፣ ካልሲህን ከሶፋው ላይ አንሳ! ፀሎት፣ የዓመቱ ሥራችሁ ያለበትን ባይንደር አምጪ!»

«ኦኬ ማሚ፣ ግን...»

«ግን የለም። አምጪ!»

የአሥራ አራት ዓመቷ ፀሎት «ግን» ያለችበት ምክንያት ነበራት። እናቷም ምክንያቱን አሳምራ ታውቀዋለች።

የመጣችው ሚስስ ዶሪን ናት። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆችን ከስኩል ቦርዱ በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣች ትጎበኛለች፤ ሥራቸውን ታያለች፣ ትመክራለች፣ ሪፖርት ትጽፋለች። ይህ የፈረንጆቹ 1997 ጁን ጉብኝቷ የዓመቱ የመጨረሻ ነው። ሽታዬና ባሏ በድሉ «ዓለም ሳትቀድመን እኛ እንቅደም» ተባብለው፣ ራንድል በሚባለው ሰፈር ባለችው ባለ ሦስት መኝታ ቤታቸው ሆምስኩል ከጀመሩ ገና አንድ ዓመታቸው ነው። ሰባት ልጆች አሏቸው። በድሉ ዳውንታውን ካሉት ፎቆች በአንዱ ሜንተናንስ ስለሚሠራ ቀኑን ሙሉ የለም፤ አስተማሪዋ ሽታዬ ናት። እሷ ደግሞ ትምህርቷን ያቆመችው ከአሥረኛ ክፍል ነው። ይህን ለሚስስ ዶሪን ነግራት አታውቅም፤ ሚስስ ዶሪንም ጠይቃት አታውቅም።

እንግዳዋ ሻይዋን ፉት አለችና ባይንደሩን ከፈተች። ዓመቱ ቀላል ዓመት አልነበረም። ኖቬምበር ላይ ቺክን ፖክስ የሚሉት ሽፍታ ስድስቱንም ልጆች በተራ አዳረሳቸው። ፌብሩዋሪ ላይ በረዶው መንገዱን ስለዘጋው አርያም እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተወለደች። ማርች ላይ በረዶው ቀልጦ ቤዝመንቱን ሞላው፤ ውሃው በወጣ በሳምንቱ ደግሞ ስምዖን ከጓሮው መጋዘን ጣሪያ ላይ ወድቆ ክንዱን ሰበረ። ይህ ሁሉ በባይንደሩ ውስጥ ትምህርት ሆኖ ተቀምጧል።

«ይሄ ግሩም ነው!» አለች ሚስስ ዶሪን በእንግሊዝኛ። ሽፍታው ከልጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደተላለፈ የሚያሳየውን ባለ ቀለም ግራፍ እያየች ነበር። «የማን ሐሳብ ነው?»

«የእትዬ ቆንጅት» አለች ፀሎት።

ገጽ ተገለበጠ። ቤዝመንቱን የሞላው ውሃ ስንት ባልዲ እንደሚሆን በስሌት ተሠርቷል።

«ይሄስ?»

«እሱም የእትዬ ቆንጅት ነው።»

ቀጥሎ የስምዖን ክንድ መጣ፤ አጥንቱ ከነስብራቱ ተስሎ የታጠፈበት አንግል ተለክቷል። ሚስስ ዶሪን ገና አፏን ሳትከፍት ማትያስና ስምዖን እኩል «እትዬ ቆንጅት!» ብለው ሳቁ።

ሽታዬም ሳቀች። አንጀቷ ግን እርር አለ። ሽፍታውን ሌሊት እያከከች ያደረች እሷ፣ ውሃውን በባልዲ የቀዳች እሷ፣ ከነተሰበረ ክንዱ ተሸክማ የሮጠች እሷ፣ ሕፃኗንም የወለደች እሷ! ምስጋናው ግን የቆንጅት። እሷ በዚህ ባይንደር ውስጥ የት ናት? ሻዩን ያፈላችው እሷ ናት።

ቅናት መሆኑን ታውቃለች። ለራሷ ሌላ ስም አውጥታለት አታውቅም። ያታለለችው ሌላውን ሰው ነው።

ቆንጅት የቤተ ክርስቲያናቸው አባል ናት። አርባ ዓመት አልፏታል፤ ባልም ልጅም የላትም። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ካፍቴሪያ ትሠራለች፤ ድሮ ግን የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። ባለፈው ሴፕቴምበር «ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነፃ ነኝ፤ ትልልቆቹን ላግዝሽ» ስትላት ሽታዬ እልል ብላ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ መረቀቻት። በሦስተኛው ወር ምርቃቱ ቀነሰ።

ፀሎት ማክሰኞና ሐሙስ ሳትቀሰቀስ ትነሳለች፤ በሌላው ቀን ሦስት ጊዜ ካልተጠራች አትነቃነቅም። ፀጉሯን እንደ ቆንጅት ወደ ኋላ ማስያዝ ጀመረች። ሰው ሲያወራት እንደ ቆንጅት አንገቷን ሰበር አድርጋ ታዳምጣለች። ከቤዝመንት ሳቃቸው ሲሰማ ሽታዬ ዕቃ ማጠቧን ታቆም ነበር። ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ ስትወርድ ሳቁ ያልቃል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚገኘው አልጀብራ ብቻ ነው። «ደግሞ አልጀብራ ምኑ ያስቃል?» ትላለች ወደ ድስቷ ተመልሳ።

ኤፕሪል ላይ አንድ ማክሰኞ ቆንጅት በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሽታዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ልጅሽ እኮ ሴት ሆነች። ሐሙስ ስትነግረኝ የሚያስፈልጋትን ገዛዝቼ ሰጠኋት።»

በቅንነት ነው ያለችው፤ እናትየው የምታውቅ መስሏት። ሽታዬ ግን አታውቅም ነበር። በጡቷ ያሳደገቻት ልጅ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ለሌላ ሴት ነግራ፣ አምስት ቀን ሙሉ ከእናቷ ጋር ማዕድ ስትቀርብ ትንፍሽ አላለችም። በዚያች ደቂቃ ሽታዬ ያንን ጫማ አንስታ ቆንጅት ላይ ብትወረውረው ደስታዋ ነበር። ነገር ግን ጌታን የተቀበለች ሴት ጫማ አትወረውርም። ከጫማ የሚከብድ ነገር ነበራት፤ እሱን ወረወረች።

«ቆንጅትዬ፣ እኔም ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ነበር። ስንጸልይበት ከርመን ነው። ልጆቼን እኔው ራሴ ብቻ እንዳስተምር ጌታ ተናገረኝ።»

በእነሱ ጉባኤ ይህ ነገር ይግባኝ የለውም። ባል ቢናገር ይለመናል፤ ፓስተር ቢናገር በሽማግሌ ይጠየቃል። ጌታ ተናገረኝ ያለን ሰው ግን ማን ይሞግተዋል? ቆንጅት አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ ሌላውን እንዳጠለቀች ትንሽ ቆመች። ከዚያ «አሜን። ጌታ ከተናገረ እኔ ማን ነኝ?» አለችና ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አደረገች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሽታዬ ደስ አላት። በጣም ነው ደስ ያላት።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ቆንጅት በየዋህነቷ ነገሩን ለፓስተሩ አጫወተችው። ፓስተሩ እሑድ «ጌታ ዛሬም ለእናቶች ይናገራል!» ብሎ ሽታዬን በጉባኤው ፊት አቆማት። በሳምንቱ ሴቶች ይደውሉላት ጀመር። አንዷ ቤት ልትገዛ ነው፣ አንዷ ልጇን ልትድር ነው፤ ሁሉም «እስቲ ጠይቂልን» ይላሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሽታዬ ግን እያደር ከበደ።

«ከኤፕሪል አጋማሽ ወዲህ የፀሎት ሂሳብ የለም» አለች ሚስስ ዶሪን ገጾቹን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያገላበጠች። «የጠፋ ወረቀት አለ?»

ልጆቹ በሙሉ ወደ እናታቸው ዞሩ።

«እኔ ነኝ የማስተምራት» አለች ሽታዬ። «ወረቀቱን አላስገባነውም።»

ሚስስ ዶሪን አልተከራከረችም። ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች፣ ሁለት መስመር ጥያቄ ጻፈችና ወረቀቱን ወደ ፀሎት ገፋ አደረገችው። ፀሎት ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ሽታዬ የአርያምን ዳይፐር የምታይ መሰለች።

«ፀሎት በሴፕቴምበር ሃይስኩል መግባት እንደምትፈልግ፣ እናንተም እንደፈቀዳችሁ ነግራችሁኛል» አለች እንግዳዋ በለሰለሰ ድምፅ። «የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። በጣም ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን እንዲህ ሆና ከምትፈተን አንድ ዓመት ብትቆይ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው። እስከ ፈተናው የሚያግዛት ሰው ካገኛችሁ ደውሉልኝ።»

መኪናዋ ከመንገዱ ስትወጣ ፀሎት ሳሎን ውስጥ አልነበረችም።

ሽታዬ ሕፃኗን ለማትያስ ሰጥታ ወደ ቤዝመንት ወረደች። ፀሎት ማድረቂያው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የልጆቹን ልብስ ታጥፋለች።

«እኔ አስጠናሻለሁ» አለቻት አጠገቧ ቁጭ ብላ። «መጽሐፉን ይዘን ሁለታችን...»

«ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ። አንቺ አታውቂውም። አይ ሚን፣ ጥፋትሽ አይደለም።»

አንዲት ትንሽ ካናቴራ አጠፈች። ፈታችና እንደገና አጠፈቻት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ጌታ ሲናገርሽ ስለ እኔ ምን አለሽ?»

«እንዴት ምን አለሽ?»

«ላይክ፣ ለምን እንደወሰዳት። ስኩል እያለሁ ሂሳብ የሚያስረዳኝ ሰው እንዲሰጠኝ ጸልዬ ነበር። ፎር ላይክ ቱ ይርስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ከዚያ እትዬ ቆንጅትን ሰጠኝ። ከዚያ ወሰዳት። ያንን ነገር ለአንቺ ስላልነገርኩሽ ነው? ተቆጥቶኝ ነው?»

«ማን?»

«ጌታ።»

ሽታዬ ካናቴራዋን ከእጇ ወሰደች። «ለምንድነው ያልነገርሽኝ?» አለች። ይህን ለመጠየቅ ሁለት ወር ፈርታ ነበር።

«ገና ከወለድሽ ሁለት ወርሽ ነበር። ውሃውም ነበር፣ የስምዖን እጅም ነበር። ሲንኩ ጋ ቆመሽ ስታለቅሺ አየሁሽ። ልጨምርብሽ አልፈለግኩም።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ዛሬ ዛሬ ምግብ ላይ ስንጸልይ ዓይኔን እጨፍናለሁ እንጂ ምንም አልልም። ምን እንደምለው አላውቅም።»

ሽታዬ ልጇን ልታቅፋት ፈለገች። እጇ ግን ካልሲ አንስቶ ማጠፍ ጀመረ። ልጇን ከቆንጅት ብቻ የለየቻት መስሏት ነበር፤ ለካስ ልጅቷን ያጣላቻት ከአምላኳ ጋር ነው።

ላይ ቤት ስልኩ ጮኸ። በድሉ ነው፤ በምሳ ሰዓቱ ጉብኝቱ እንዴት እንደሆነ ለመስማት ደወለ። ነገረችው። ስለ ፈተናው ነገረችው፤ ስለ ሌላው ግን አልነገረችውም።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለ በድሉ። «ቆንጅትን ኮል አድርጊላት። ጌታ የተናገረሽ ለዚያ ወቅት ነው፤ አሁን ደግሞ በሩን ከፍቷል በያት። ደስ ብሏት ነው የምትመጣው።»

«እንዲህ ልበላት?»

«ምን አለበት? እንዲያውም እሑድ ብትመሰክሪው ብዙ ሰው ይታነጻል!»

ስልኩን ዘጋች። በድሉ ሳያውቀው መውጫ ቀዳዳ ሠርቶላታል፤ ክብሯም እንዳለ ይቀመጣል፣ ልጅቷም ትማራለች፣ ፓስተሩም አዲስ ምስክርነት ያገኛል። ሽታዬ ሁለት ጊዜ በልቧ አጠናችው፤ አፍ ላይ ይጥማል። ቆንጅት ለሥራ ሳትወጣ ልትደርስባት ቸኩላ ደወለች።

«ሄሎ?»

«ቆንጅት፣ ሽታዬ ነኝ።»

«ሽታዬዬ! ጌታ ይባርክሽ! ልጆቹ ሰላም ናቸው? ሕፃኗስ? ፀሎትዬስ?»

«ፀሎትዬ» ስትል ድምፅዋ ሌላ ሆነ፤ ሽታዬ ሰማችው፤ ያ የምታውቀው ቅናት አሁንም አለ። አልሞተም። ቆንጅት ነገ መጥታ ከፀሎት ጋር ስትስቅም እንደማይሞት ገባት።

«ፈተናዋ ደረሰ» አለች። «አልተዘጋጀችም። ያለ አንቺ አይሆንላትም።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! እኔ እኮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ስጸልይ ነው የከረምኩት። ጌታ በድጋሚ ተናገረሽ ማለት ነው? ፈቀደልኝ?»

የሚፈለገው መልስ አንድ ቃል ነው። ሽታዬ ቃሉን አፏ ውስጥ ይዛው ዞር ስትል፣ ፀሎት የታጠፈውን ልብስ እስከ አገጯ ተሸክማ ከቤዝመንቱ ደረጃ አናት ላይ ቆማለች። የደረጃው በር ከስልኩ አጠገብ ነው፤ በእግር ገፋ ቢያደርጉት ይዘጋል።

ሽታዬ በሩን አልዘጋችውም። በነፃ እጇ ልጇን ጠራቻት፤ ቅረቢ፣ አጠገቤ ቁሚ በሚል ምልክት። ፀሎት ግራ እየገባት መጣችና አጠገቧ ቆመች።

«ሽታዬ? አለሽ?» አለች ቆንጅት።

«አለሁ» አለች ሽታዬ ልጇን እያየች። «አይ ቆንጅት፣ ጌታ አልተናገረኝም። ያኔም አልተናገረኝም። ቀንቼብሽ ነው።»